ክትፎው ከመርካቶ፣ ቆጮው ከጉራጌ ጓሮ

መርካቶ ራጉኤል አካባቢ ምሳ ለመብላት የሚገባ ሰው መጀመሪያ በሩን ያያል። ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በሰፈሩም የክርስቲያን ሥጋ ቤት በመስቀል፣ የሙስሊሙ በጨረቃና ኮከብ ይለያል። የአራጁ ጸሎት ይለያይ እንጂ ጣባው ላይ የሚቀርበው ክትፎ አንድ ነው። ከጉራጌም ከስልጤም ወደ መርካቶ ለመጣ ሰው ሁሉ የእናቱ ቤት ምግብ ነው።

ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ፣ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ብሎ የአራዳን ገበያ ወደዚህ አዛወረው። ከዚያ በኋላ ከጉራጌ አገር የመጡ ወጣቶች በተሸካሚነት፣ በሊስትሮና በጉሊት ጀምረው ባለሱቅ ሆኑ። ምግባቸውም ተከትሏቸው መጣ።

ለክትፎ የሚመረጠው ቀይ ሥጋ ነው። ጮማውና ጅማቱ ተለቅሞ ይወጣለትና እስኪልም ድረስ በቢላ ይከተከታል። መፍጫ ማሽን ሥራውን ያፋጥናል፤ እኔ ግን በእጅ የተከተፈውን እመርጣለሁ፤ ሥጋው ሳይጨመቅ ለስልሶ ይቀራል። ከዚያ በኮረሪማ የነጠረ ቅቤ ሞቅ ብሎ ይፈስበታል፣ ሚጥሚጣ ይገባበታል። አስተናጋጁ «ጥሬ ይሁን ለብለብ?» ብሎ ይጠይቃል። የኮሶ ትል የሚፈራ ሰው «በደንብ ይብሰልልኝ» ይበል፤ ለብለብ ትሉን ለመግደል አይበቃም። አይብና ጎመን ከጎን ይመጣሉ።

ሰው ሁሉ ስለ ሥጋው ያወራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ነው። እንሰት በዱር በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ ገበሬ አልምቶ ምግብ ያደረገው ግን በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ዛሬ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በእሱ ይኖራል። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ አንዴ ከደረሰ ግን ዝናብ ሲጠፋም ቆሞ ይጠብቃል። ሲቆረጥ ሴቶች ግንዱን በቀርከሃ ይፍቃሉ፣ ሥሩን ይከትፋሉ፣ ከሚወጣው ውሃ የሚዘቅጠውን ቡላ ለይተው ያስቀምጣሉ። ቀሪው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት ይብላላል። ከጉድጓድ ሲወጣ ይጨመቃል፣ ቃጫው በቢላ እየተቆረጠ ይደቃል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ቆጮውን ኮምጠጥ የሚያደርገው ያ መብላላት ነው፤ የቅቤውን ክብደት የሚያቀለውም እሱ ነው። ያለ ቆጮ የቀረበ ክትፎ ለእኔ ግማሽ ምሳ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሴቶች ስማቸው በምግብ ቤቱ ታፔላ ላይ የለም። ሊነሳ ይገባል፤ የሼፉን እጅ እያመሰገንን የፋቂዋን መርሳት ልክ አይደለም።

መርካቶና ገጠሩ የተያያዙት በምግብ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ የጉራጌ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ማኅበር መሥርተው ወደ አገራቸው መንገድ አስጠርገዋል።

ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያኖቹ ክትፎ ቤቶች ወደ ጾም ምግብ ይዞራሉ፤ ሥጋ የፈለገ የሙስሊሞቹ ዘንድ ይሄዳል። በመስቀል ሰሞን ደግሞ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ባለሱቁ ለበሬ የሚሆን ገንዘብ ይዞ አገሩ ይገባል። እዚያ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ለበዓሉ ያጠራቀሙት ቅቤ ይቆየዋል፤ ቆጮውም ከጉድጓድ የሚወጣው ለዚያ ቀን ተመርጦ ነው።