ተከፍሎ የተዘጋ ብድር በመታመን ላይ ስለሚያስከትለው ለውጥ
(የመካነ ሰላም ዱቤና የአሜሪካ የብድር ካርድ ሲነጻጸሩ)

መግቢያ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና ወረዳ በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ገበያዎች፣ ብድር የሚሰጠው ከሁሉ አስቀድሞ ሰውየውን በማወቅ ነው። ባለሱቁ ለገበሬው ጨው፣ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በዱቤ ሰጥቶ እህሉ ተወቅቶ እስኪገባ ድረስ ሲጠብቅ፣ የሚተማመነው በደብተሩ ላይ በጻፈው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የተበዳሪውን ቤት፣ ዘመድና ጠባይ ስለሚያውቅ ጭምር ነው። ከወሎም ሆነ ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ግን የሚመዘነው በሌላ ሚዛን ነው። እዚያ አበዳሪው ሰውየውን ሳያየው፣ በአብዛኛው ከመዝገብ በተሰላ ነጥብ ይወስናል። ይህ ሰው ዕዳውን በሙሉ ከፍሎ አንድ የብድር ካርድ ሲዘጋ ነጥቡ ዝቅ ቢል፣ «ዕዳዬን ብከፍል ስለ ምን ተቀጣሁ?» ማለቱ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠትና ነገሩ ለአገራችን ምን ትምህርት እንዳለው ማመልከት ነው።

1. በአገር ቤት ልማድ ብድርን መዝጋት

ባለዱቤው ሒሳቡን ሲከፍል ባለሱቁ በደብተሩ ላይ ያለውን ስሙን ይሰርዛል። ገጹ ቢቀደድም የሰውየው መታመን አብሮ አይቀደድም፤ በባለሱቁ ልብ ተጽፎ ይቀራልና። እንዲያውም በሚቀጥለው ክረምት እህል ሲያጥር ያ ሰው ከሌሎች ቀድሞ ዱቤ ያገኛል።

በዕቁብም እንዲሁ ነው። ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ለዳኛው ዋስ ይጠራል፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ሳያቋርጥ መጣል አለበትና። ዕቁቡ ዞሮ ካበቃ በኋላ ለሚቀጥለው ዙር አልገባም የሚል ሰው አይነቀፍም። የሚነቀፈው ዕጣውን በልቶ መሐል ላይ የጠፋው ነው፤ ወሬውም በገበያና በቅሬ ተሰምቶ ሌላ ዕቁብ አያስገባውም። እንግዲህ በዚህ ልማድ መሠረት በደንብ መዝጋት መታመንን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

2. የአሜሪካው ነጥብ አሠራር

በአሜሪካ የእያንዳንዱን ተበዳሪ ሁኔታ የሚመዘግቡ ሦስት ታላላቅ ድርጅቶች አሉ፤ እነርሱም ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩንየን ናቸው። ከመዝገባቸው ላይ ነጥብ ከሚያሰሉት ዘዴዎች በጣም የታወቀው ፋይኮ የሚባለው ሲሆን፣ ዛሬ ባለው መልኩ በሥራ ላይ የዋለው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ነጥቡ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። በአጠቃላይ ሲታይ የነጥቡ 35 በመቶ የሚመጣው ዕዳን በጊዜው ከመክፈል ነው፤ 30 በመቶው ካለው ዕዳ መጠን፣ 15 በመቶው ከብድር ታሪኩ ዕድሜ፣ 10 በመቶው በቅርብ ከተጠየቀ አዲስ ብድር፣ የቀረው 10 በመቶ ከብድሩ ዓይነቶች ስብጥር ነው።

3. ካርዱ ሲዘጋ የሚሆነው

ከላይ ከተዘረዘሩት መካከል መዝጋት ቶሎ የሚነካው ሁለተኛውን፣ ማለትም የዕዳውን መጠን ነው። አንድ የብድር ካርድ ባለቤቱ ሊበደርበት የሚችለው ጣሪያ አለው። ነጥብ ሰጪው የሚያየው ዕዳው ስንት ብር ነው ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ከጠቅላላው ጣሪያ ውስጥ ስንት እጁ ተወስዷል ብሎም ነው።

ለምሳሌ አንድ ሰው ሦስት ካርዶች አሉት እንበል፤ ጣሪያቸውም 2,000፣ 3,000 እና 5,000 ዶላር፣ በድምሩ 10,000 ዶላር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ 2,500 ዶላር ዕዳ አለበት፤ በሦስተኛው ላይ ምንም የለበትም። ስለዚህ የተጠቀመው የጣሪያውን 25 በመቶ ነው። አሁን «ዕዳ የሌለበት ካርድ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሦስተኛውን ይዘጋል። ዕዳው አንዲት ዶላር ሳይጨምር፣ ጣሪያው ወደ 5,000 ስለ ወረደ ድርሻው 50 በመቶ ይሆናል። ለነጥብ ሰጪው ይህ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ የተጨነቀ ተበዳሪ መስሎ ይታያል። በአንጻሩ በሌሎቹ ካርዶች ላይም ዕዳ ባይኖርበት ኖሮ፣ ድርሻው በፊትም በኋላም ዜሮ ስለሆነ በዚህ በኩል የሚጎዳው ነገር አይኖርም ነበር።

ስለ ታሪኩ ዕድሜ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። በደንብ ተከፍሎ የተዘጋ ካርድ እስከ 10 ዓመት ድረስ በመዝገቡ ላይ ይቆያል፤ ፋይኮም ዕድሜውን መቁጠሩን አያቋርጥም። ጉዳቱ የሚታየው ያ ጊዜ አልፎ ካርዱ ከመዝገብ ሲወጣ ነው። እንዲሁም ካርድን መዝጋት የቀድሞ ጥፋትን አያጠፋም፤ ዘግይቶ የተከፈለ ዕዳ ምልክቱ እስከ 7 ዓመት ይኖራል። ዕዳ እያለበት የተዘጋ ካርድም ዕዳው እስኪያልቅ መከፈል አለበት።

ከዚህ የምንረዳው ካርድን መዝጋት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። በየዓመቱ ክፍያ የሚጠይቅ ካርድ ወይም ባለቤቱን ወደማያስፈልግ ወጪ የሚገፋ ካርድ ቢዘጋ ይሻላል። ነገር ግን የቤት መግዣ ብድር ለመጠየቅ የተዘጋጀ ሰው አስቀድሞ የሌሎቹን ዕዳ ቢቀንስና መዝጋቱን ብድሩ ከተፈቀደለት በኋላ ቢያደርገው ይጠቅመዋል።

4. ነገሩ ለእኛ ያለው ትርጉም

እንዲህ ያለው ሚዛን ወደ አገራችንም መግባት ጀምሯል። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ውስጥ የብድር መረጃ ማዕከል አለ፤ ባንኮች ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት አመልካቹ በሌላ ባንክ ያለበትን ዕዳና የአከፋፈሉን ሁኔታ ይመለከቱበታል። በገጠሩ ለብዙ ዘመን ያበደረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሚባለው፣ ለድሀው ገበሬ ያበድር የነበረው አብዛኛውን ጊዜ በቡድን ዋስትና ነበር፤ ይህ ደግሞ ከዕቁቡ ልማድ የራቀ አልነበረም፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይመሰክር ነበርና። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመረው ቴሌብር መላ ግን ያለ መያዣ የሚያበድረው ደንበኛው በስልኩ ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ የተወውን መዝገብ አይቶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ ይነሣል። በቦረና ወለድን በሃይማኖቱ ምክንያት የሚሸሽ፣ ወይም ዕዳን ስለሚፈራ ከባንክ ተበድሮ የማያውቅ ገበሬ አለ። ይህ ሰው የዕቁብ ጣዩን አንድ ቀን ያላሳለፈ፣ የቅሬውን መዋጮ ያላጓደለ፣ ባለሱቁ ያለ ዋስ የሚያምነው ሊሆን ይችላል። በመኪናው ሚዛን ፊት ሲቀርብ ግን መልካምም ክፉም አይደለም፤ ባዶ ነው። አሜሪካ ያለው ወገኑ በመዝጋቱ ነጥቡ ሲጎድልበት፣ እርሱ ደግሞ ጨርሶ ባለመክፈቱ ነጥብ ያጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ታየው ነጥብ የሰውን ታማኝነት በሙሉ አይለካም፤ የሚለካው በመዝገብ ላይ የተጻፈውንና ገና ያልተነካውን የብድር ጣሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ተበዳሪው ከመዝጋቱ በፊት ድርሻውን ቢያሰላ ይጠቅመዋል። ይህን ሚዛን ወደ ገጠራችን የሚያመጡ ባንኮችም የዕቁብ ጸሐፊው ደብተርና የባለሱቁ የዱቤ መዝገብ እንደ ማስረጃ የሚቆጠሩበትን መንገድ ቢፈልጉ፣ ለብዙ ዘመን ታምኖ የኖረው ገበሬ እንደ አዲስ ሰው ከመቆጠር ይድናል። ይህም በኢኮኖሚክስና በኅብረተሰብ ጥናት ክፍሎች ያሉ ተማሪዎች በየአገራቸው ወርደው ሊያጠኑት የሚገባ ነገር ነው።