በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚጫወት የዳንስ ባንድ የንግድ ሕይወት

የዳንስ ሙዚቃ የሚያሰማ ባንድ ለእንግዳው መዝናኛ ነው። ሥራውን ለያዙት ሰዎች ግን እንደ ማናቸውም የንግድ ሥራ ካፒታል፣ ውል፣ ሽያጭና የሒሳብ መዝገብ የሚያስፈልገው ነው። መሣሪያው ከውጭ አገር ይገዛል፤ አዳራሹ በውል ይያዛል፤ የተቀረጸው ዜማ ተባዝቶ በሱቅ ይሸጣል። ስለዚህ የሙዚቃ መሣሪያ የሚያስመጣ፣ ሆቴል የሚያስተዳድር፣ ሸክላና ካሴት የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ባንድ እንዴት እንደሚኖርና በምን ምክንያት እንደሚፈርስ ቢያውቅ ይጠቀማል።

ለዚህ ጉዳይ ማስረጃ እንዲሆን የአቶ ኃይሉ መርጊያን የሥራ ታሪክ መመልከት ይበቃል። አቶ ኃይሉ በ1985 በዋሺንግተን ከተማ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋራ አጣምረው ያስቀረጹት «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘ ካሴት ከ28 ዓመት በኋላ በ2013 እንደገና ታትሞ፣ በታክሲ ነጂነት ይተዳደሩ የነበሩትን ባለሙያ ወደ ዓለም መድረክ መልሷቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም የባንድን ዕድሜ የሚያረዝመው የአዳራሹ ትልቅነት ወይም የአንድ ሌሊት ገቢ ሳይሆን፣ መሣሪያው፣ ስሙና የተቀረጸው ሥራ የማን ንብረት እንደሆነ በግልጽ መታወቁ ነው።

መሣሪያው የማን ነበረ?

አቶ ኃይሉ በ1946 በሸዋ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። አኮርዲዮን መጫወት የጀመሩት በ14 ዓመታቸው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በምሽት ክበቦች እየተጫወቱና ወደ ጠቅላይ ግዛት ከተሞች እየተዘዋወሩ ሙያቸውን አዳበሩ። ቀጥሎም ወደ ኦርጋንና ወደ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ተሸጋገሩ።

በዚያን ዘመን በከተማው ስመ ጥር የነበሩት ባንዶች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቴአትር ቤት ባንዶች ነበሩ። በግል የምሽት ክበቦችም ቢሆን መሣሪያውን የሚገዛውና ሙዚቀኞቹን የሚቀጥረው ብዙውን ጊዜ የክበቡ ባለቤት ነበረ። ሙዚቀኛው የወር ደመወዝተኛ ስለሆነ፣ ከባለቤቱ ጋራ ሳይስማማ ሲቀር ባዶ እጁን ይወጣል፤ ክበቡ ሲዘጋም ባንዱ አብሮ ይበተናል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የዋልያስ ባንድ ከዚህ ልማድ ወጣ። ባንዱ የራሱን መሣሪያ ይዞ፣ በራሱ ስም፣ ስለ ዋጋውም ራሱ ተነጋግሮ የሚዋዋል ሆነ። በ1969 ከተከፈተው ከአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ጋራ ተዋውሎም ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ ሠርቷል። እንዲህ ያለው ውል ለሁለቱም ወገን ጥቅም አለው። ሆቴሉ መሣሪያ ለመግዛትና ለማሳደስ ገንዘብ አያወጣም፤ ባንዱም ውሉ ሲያልቅ መሣሪያውንና ስሙን ይዞ ሌላ ገበያ ሊፈልግ ይችላል። በአንጻሩ የጥገናና የመለዋወጫ ወጪ በሙዚቀኞቹ ላይ ስለሚወድቅ፣ ከየሌሊቱ ገቢ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ማስቀመጥ ግድ ይሆናል።

ከ1974 የመንግሥት ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽት ንግድ ጠባይ ተለወጠ። ሰዓቱ ሳይደርስ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ እንግዳ እስኪነጋ ድረስ ከአዳራሹ ለመውጣት አይችልም ነበር፤ ባንዱም እንግዳውን እያስደነሰ ያነጋ ነበር። ብዙ ክበቦች በተዳከሙበት በዚያ ጊዜ የሆቴል ውል የነበረው ባንድ ሥራውን ለመቀጠል ቻለ።

ሸክላና ካሴት

የመድረክ ሥራ ሌሊቱ ሲያልፍ ያልፋል። ተከማችቶ የሚሸጠው ዕቃ የተቀረጸው ሙዚቃ ነው። በኢትዮጵያ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ሥራ ከ1948 ጀምሮ በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ይህን አጥር በ1969 ያለፈው የሙዚቃ ሱቅ የነበራቸው ወጣቱ ነጋዴ አቶ ዐምሃ እሸቴ ናቸው። አቶ ዐምሃ የአዲስ አበባን ዘፋኞች አስቀርጸው ቅጂውን ወደ ሕንድ አገር በመላክ አሳተሙና ሸክላውን አስገብተው ሸጡ። በስማቸው የተቋቋመው ድርጅት እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ትላልቅ ሸክላዎች አውጥቷል። ይህም አንድ የሱቅ ነጋዴ፣ የደንበኞቹን ፍላጎት ዕለት ዕለት ከመከታተል የተነሣ፣ ራሱ አሳታሚ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

በተመሳሳይ መንገድ የካይፋ ሬከርድስ ባለቤት አቶ ዓሊ አብደላ ካይፋ በ1977 የዋልያስን «ቼ በለው» አሳተሙ። በዚህ ሸክላ ላይ አቶ ሙላቱ አስታጥቄ ከባንዱ ጋራ ተጫውተዋል። ሥራው ዘፋኝ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የሚሰማ ነው። በጊዜው ገዢ የሚፈልገው ዘፋኝን ስለነበረ እንዲህ ያለውን ሸክላ ማውጣት ለአሳታሚው ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ሆኖም ቃል የሌለበት ሙዚቃ አማርኛ የማያውቀው አድማጭም ሊገዛው ስለሚችል፣ ከዓመታት በኋላ በውጭ አገር ገበያ ተፈላጊ ሆኗል።

ከሸክላ በኋላ የመጣው ካሴት ርካሽና በአገር ውስጥ በቀላሉ የሚባዛ በመሆኑ ገበያውን አሰፋ። ነገር ግን ያው ቀላልነቱ ያለ ፈቃድ ለሚያባዛውም ሰው ተመቸ። የካሴት ማጫወቻና መቅጃ ያለው ማንኛውም ሰው አንዱን ካሴት ወደ ሌላው ሊገለብጥ ይችላል። አስቀራጩና አሳታሚው ወጪያቸውን ሳይመልሱ ገበያው በተገለበጠ ካሴት ይሞላባቸው ነበር።

አንድ ሰውና የከበሮ መኪና

የዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሙዚቃውን አሰማ። ጉዞው ሲያበቃ አቶ ኃይሉን ጨምሮ ከአባሎቹ መካከል አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። ባንዱ ተከፈለ። በእንግዳ አገር ስድስት ሰባት ሰው የያዘ ባንድ ማቋቋም ከባድ ነው፤ አድማጩ ጥቂት፣ የመለማመጃ ቤት ኪራዩ ውድ፣ ለየሙዚቀኛው የሚደርሰው ድርሻም አነስተኛ ይሆናልና።

መፍትሔውን ያቀረቡት አዲሶቹ መሣሪያዎች ናቸው። ሲንተሳይዘር የሚባለው ባለ ቁልፍ መሣሪያ ድምፅን የሚፈጥረው ክር ወይም ብረት በመምታት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ፣ አንድ ሰው በሁለት እጁ የብዙ መሣሪያ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። የከበሮ መኪና ደግሞ የከበሮውን ምት አስቀድሞ መዝግቦ ሳይደክምና ፍጥነቱን ሳይለውጥ የሚደግም መሣሪያ ነው። አቶ ኃይሉ በ1985 ሥራቸው ላይ በወጣትነታቸው የተማሩትን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ መኪና ጋራ አስማሙ። የድሮው ዜማ በአዲስ ምት ላይ ተቀምጦ፣ ቀድሞ ሙሉ ባንድ ይጠይቅ የነበረውን ሥራ አንድ ሰው ሠራው።

የእነዚህ መሣሪያዎች የራሳቸው የገበያ ታሪክም ለአስመጪ የሚጠቅም ነው። የጃፓኑ የሮላንድ ድርጅት ከ1980 እስከ 1983 የሠራው «ቲ አር 808» የተባለው የከበሮ መኪና የመነሻ ዋጋው 1,195 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ድምፁ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ስለተባለ ሽያጩ ደካማ ሆኖ 12,000 ያህል ከተሠራ በኋላ ሥራው ቆመ። ያገለገለው ዕቃ በርካሽ መሸጥ ሲጀምር፣ ገንዘብ ያልነበራቸው የአሜሪካ ወጣቶች ገዝተው የአዲሱ የዳንስ ሙዚቃ መሠረት አደረጉት። ዛሬ ያው መሣሪያ ከመጀመሪያ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይሸጣል። በ1983 ደግሞ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው መሣሪያዎች በአንድ ገመድ እየተገናኙ አብረው እንዲሠሩ የሚያደርገው «ሚዲ» የተባለው የጋራ ስምምነት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ገዢው በአንድ ፋብሪካ ዕቃ ብቻ ሳይወሰን እንደ አቅሙ እያከለ ለመግዛት ቻለ።

ከታክሲ ወደ መድረክ

አቶ ኃይሉ በ1990ዎቹ ከመድረክ ርቀው በዋሺንግተን በታክሲ ሥራ ይተዳደሩ ጀመር። ሙያቸውን ግን አልተዉም፤ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ከመኪናው እያወጡ ይለማመዱ ነበር።

በዚህ መካከል «አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ማሳተሚያ ባለቤት ብራያን ሺምኮቪትዝ በባሕር ዳር ከሚገኝ ሱቅ የ1985ቱን ካሴት ገዙ። በካሴቱ ላይ የባለሙያው ስም ተጽፎ ስለነበረ ፈልገው በስልክ አገኟቸው። ከዚያም ተዋውለው ካሴቱ በ2013 በሸክላና በሌላም ዓይነት እንደገና ታተመ። ድርጅቱ የሚሠራበት ደንብ የሽያጩን ትርፍ ከባለሙያው ጋራ እኩል መካፈል ነው።

የዚህን ውጤት ቅደም ተከተል መመልከት ይገባል። በ2014 «ቼ በለው»፣ በ2016 ደግሞ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋራ የተሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» ዳግመኛ ታተሙ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዲስ ሥራዎች ወጡ። አቶ ኃይሉም አንድ የቤዝ ጊታርና አንድ የድራም ተጫዋች አስከትለው፣ ራሳቸው ባለ ቁልፍ መሣሪያዎችንና አኮርዲዮንን እየተጫወቱ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ቀረቡ። የድሮው ዕቃ ለአዲሱ ዕቃ ገበያ ከፈተ፤ የሸክላው ሽያጭም የመድረኩን ሥራ አመጣ። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው በባሕር ዳር ካሴቱን ሳይጥል በመደርደሪያው ያቆየው ሱቅ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት የአዲስ አበባ ወጣቶች በኮምፒዩተር የሚሠሩ ሆነዋል። ሚካኤል ሰይፉና «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉ የማሲንቆንና የሌላውን ባህላዊ መሣሪያ ድምፅ ከኤሌክትሪክ ምት ጋራ እያዋሐዱ ያቀርባሉ። የሚካኤል «የአራዳ ልጅ» በ2014 በዋሺንግተን በሚገኝ አሳታሚ በሸክላ ወጥቷል። ሥራው በአዲስ አበባ ተዘጋጅቶ በውጭ አገር ታትሞ የሚሸጥ በመሆኑ፣ የውሉ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ነጋዴው ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች

በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የተጫዋቹና የድምፅ ቅጂ አሳታሚው መብትም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። አዋጁ ኋላ በቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። እንግዲህ የአንድ ሌሊት ጨዋታ ቅጂ ለባለሙያው ልጆች የሚተርፍ ንብረት ስለሆነ፣ የሚከተሉት ነጥቦች ለየሥራው ይጠቅማሉ።

አንደኛ፤ የሙዚቃ መሣሪያ አስመጪው በአሜሪካና በጃፓን ገበያ የሚሸጥ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ለ120 ወይም ለ100 ቮልት የተሠራ መሆኑን፣ የእኛ አገር መብራት ግን 220 ቮልት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ቮልት መቀየሪያም ሁሉን አይፈታም። ለምሳሌ ለ60 ኸርዝ የተሠራው የድሮ ሐሞንድ ኦርጋን ሞተሩ የሚዞረው በመብራቱ ፍጥነት ልክ ስለሆነ፣ በእኛ 50 ኸርዝ ቢሰካ ቃናው ወርዶ ከሌላው ባንድ ጋራ አይስማማም። መለዋወጫና ጠጋኝ ሳያዘጋጁ መሣሪያ ብቻ ማስመጣትም ደንበኛን ያሳጣል።

ሁለተኛ፤ የሆቴልና የክበብ ባለቤት መሣሪያው የማን እንደሆነ፣ በአዳራሹ የሚደረገው ጨዋታ ቢቀረጽ ቅጂው የማን እንደሚሆን፣ ባንዱም በየትኛው ስም እንደሚሠራ በውሉ ላይ ማስፈር ይገባዋል። በቃል የተደረገ ስምምነት ገቢው ጥቂት በሆነ ጊዜ ጠብ አያነሣም፤ ገቢው ሲበዛ ግን ሁሉም ባለመብት ነኝ ባይ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ካሴትና ሸክላ ሻጩ በመጋዘኑ ያለውን አሮጌ ዕቃ ከመጣሉ በፊት የባለሙያውን፣ የአሳታሚውንና የዓመቱን ስም ዝርዝር ይመዝግብ። ሸክላ ከፀሐይና ከአቧራ፣ ካሴትም ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከማግኔት ርቆ ቢቀመጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ፈላጊ ቢመጣ ካሴቱን መሸጥ ይችላል፤ አባዝቶ ለመሸጥ ግን ካሴቱ በእጁ መኖሩ መብት አይሰጠውምና ባለቤቱን ፈልጎ መዋዋል ይኖርበታል። የባሕር ዳሩ ካሴት ገዢ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከሥራውም ሁለቱም ወገኖች ተጠቅመውበታል።