ግማሽ ነጥብ ስንት ያወጣል? አሮጌ የኮሚክ መጽሔቶች በፊዚክስ ዓይን ሲታዩ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 አንድ የ«አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ቅጂ በአሜሪካ በ1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በሚቀጥለው ወር የዚያው መጽሔት ሌላ ቅጂ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሱፐርማን የተባለው ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየባቸው እነዚህ ሁለት ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ1938 በአንድ ዓይነት ወረቀት ታትመው እያንዳንዳቸው በ10 ሳንቲም ለገበያ የቀረቡ ነበሩ። የለያቸው በማሸጊያቸው ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው 8.0፣ የሁለተኛው 8.5 ይላል። በቤተ ሙከራችን የአንደኛ ዓመት ተማሪ በግማሽ ነጥብ ሲስት «የልኬት ስሕተት ነው» ብለን እናልፈዋለን። እዚህ ግን ግማሽ ነጥብ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አወጣች።

ለመሆኑ ይህ ቁጥር የሚለካው ምንን ነው? የሚለካውስ በምን ያህል ትክክለኛነት ነው? ወደዚህ ጥያቄ የመራን የሚሊዮኖቹ ገበያ ሳይሆን በቢሯችን መሳቢያ ውስጥ ያለች አንዲት የተጎሳቆለች መጽሔት ናት። ለዶክትሬት ትምህርት አሜሪካ በነበርንበት ዘመን ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር የ«ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52ን ገዛን። ሽፋኗ ላይ ጁላይ 1966 የሚል ወርና ዓመተ ምሕረት ያለባት ይህች መጽሔት ስታን ሊና ጃክ ከርቢ የፈጠሩት የዋካንዳ ንጉሥ፣ ብላክ ፓንተር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለባት ናት። በዚያ ብርድ አገር ለነበረ ሐበሻ ተማሪ አንድ አፍሪካዊ ንጉሥ፣ ያውም የሳይንስ ሊቅ፣ ምን ያህል የቅርብ ዘመድ መስሎ እንደሚታይ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም። የሽፋን ዋጋዋ 12 ሳንቲም ነው፤ እኛ የከፈልነው ከዚያ ብዙ እጥፍ ቢሆንም ሻጩ «ጥሩ ደረጃ ላይ ናት» ስላለን ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ይዘናት ሄድን። በሰብሳቢዎች ቋንቋ «ጥሩ» ማለት ከ10 ነጥብ 2 መሆኑን የተረዳነው ከወራት በኋላ ነው። «እጅግ ጥሩ» የሚባለው ራሱ 4 ብቻ ነው!

ሰብሳቢዎች በሰፊው የሚጠቀሙበት የጋራ ማጣቀሻ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1970 ሮበርት ኦቨርስትሪት የዋጋ መመሪያውን ማሳተም ሲጀምር ነው። ይሁን እንጂ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን ደረጃውን የሚሰጠው በአብዛኛው ሻጩ ራሱ ነበር፤ ይህም ተማሪ የራሱን የፈተና ወረቀት እንዲያርም ከመፍቀድ እምብዛም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው ሲ.ጂ.ሲ. የተባለ ድርጅት ግን እንደ ሦስተኛ ወገን ሆኖ መጽሔቱን መመርመር፣ ደረጃ መስጠትና በጠንካራ ፕላስቲክ ማሸግ ጀመረ።

የድርጅቱ መለኪያ ከ0.5 እስከ 10.0 የሚደርሱ 25 እርከኖች አሉት። እርከኖቹ እኩል አይደሉም፤ እስከ 9.0 በአብዛኛው በግማሽ ነጥብ ይራመዳሉ፣ ከዚያ እስከ 9.8 በ0.2፣ ከዚያ ወዲያ በ0.1። አንባቢ ይህንን ከቴርሞሜትር ጋር እንዳያምታታው እናሳስባለን። የሚመስለው ይልቅስ የማዕድናት ጥንካሬ የሚነገርበትን የሞዝ መለኪያ ነው። በዚያ መለኪያ አልማዝ 10፣ ኮረንደም 9 ቢባሉም በመካከላቸው ያለው የጥንካሬ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው፤ ቁጥሮቹ የሚናገሩት ቅደም ተከተልን ብቻ ነው። እንዲሁም 4.0 ያገኘ መጽሔት 2.0 ካገኘው «ሁለት እጥፍ ይሻላል» ማለት ትርጉም የለውም። በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ላይ መደመርና ማካፈል አይፈቀድም፤ ዋጋው ግን ተደምሮና ተባዝቶ ይከፈላል።

መርማሪው የሚያየው ብዙ ነው። መጽሔቱ የሚታጠፍበት ጀርባ ላይ ቀለሙን የሰበሩ ጥቃቅን ስንጥቆች፣ የደነዙ ማዕዘኖች፣ የስቴፕለሩ ሽቦ ዝገትና ወደ ወረቀቱ የተዛመተ እድፉ፣ የገጾቹ ንጣት፣ አሮጌ ጠርዝን አዲስ ለማስመሰል የተቆረጠ ወረቀት፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። በኋላ የተቀባ ቀለም በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሲታይ ከመጀመሪያው የማተሚያ ቀለም ተለይቶ ሊያበራ ወይም ሊጠቁር ስለሚችል፣ የተደበቀ እድሳት ብዙ ጊዜ በዚህ ዘዴ ይጋለጣል።

ከእነዚህ ሁሉ እኛን በተለይ የሚስበን የገጾቹ ቀለም ነው፤ ምክንያቱም ሌላው ጉዳት በሰው እጅ የሚደርስ ሲሆን ይህኛው ማንም ሳይነካው ይቀጥላል። የእነዚያ ዘመናት ኮሚኮች የውስጥ ገጽ የጋዜጣ ወረቀት ነው። የጋዜጣ ወረቀት እንጨቱን በመፍጨት ስለሚሠራ፣ ከሴሉሎስ ጋር እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን አብሮት ይቀራል። ሊግኒን ብርሃንና ኦክሲጅን ሲያገኝ ቢጫና ቡናማ ቀለም ያላቸው ውሁዶችን ይፈጥራል። በወረቀቱ ያለው አሲድ ደግሞ በአየሩ እርጥበት እየታገዘ ረጃጅሞቹን የሴሉሎስ ሰንሰለቶች ይበጥሳል። የሚከፋው ነገር፣ የመበስበሱ ሂደት ራሱ ተጨማሪ አሲድ ያመነጫል፤ ማለትም ጉዳቱ ራሱን ያፋጥናል። አሮጌ ኮሚክ ሲገለጥ የሚሸተው ኮምጣጤ መሰል ጠረን የዚሁ ምልክት ነው። በየቤተ መጻሕፍቶቻችን ያሉ የጋዜጣ ጥራዞች ቢጫ የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ብራና ከቆዳ ስለሚሠራ ሊግኒን የለበትም፤ አባቶቻችን ኬሚስትሪውን ሳይጠይቁ የተሻለውን መርጠዋል።

የዚህን ሂደት ፍጥነት በአሬኒየስ ቀመር መገመት ይቻላል። ለወረቀት መበስበስ የሚያስፈልገውን የማነሣሻ ኢነርጂ በሞል 100 ኪሎ ጁል ገደማ ብንወስድ፣ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 15 ዲግሪ መውረድ ፍጥነቱን ወደ ሩብ ይቀንሰዋል። በሞቃት ክፍል በ20 ዓመት የሚደርሰው ጉዳት በቀዝቃዛው 80 ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው።

ለዚህ ዝነኛው ምስክር እ.ኤ.አ. በ1977 በኮሎራዶ የተገኘው የ«ማይል ሃይ» ስብስብ ነው። ኤድጋር ቸርች የተባለ ሠዓሊ ለዓመታት የገዛቸው በሺህ የሚቆጠሩ ኮሚኮች በቤቱ ውስጥ በጠባቡ ተደራርበው ተቀምጠው ነበር። ሲወጡ ብዙዎቹ ገጻቸው ነጭ፣ ቀለማቸው ደማቅ ሆኖ ተገኘ። አካባቢው ከፍተኛ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ እርስ በርስ ስለተጫኑም ብርሃንና አየር እንደ ልብ አልደረሰባቸውም። ከላይ የጠቀስነው የ8.5 ቅጂም ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት በአንድ አሮጌ የፊልም መጽሔት ውስጥ ተሸጉጦ የቆየ መሆኑ ተነግሯል። በሌላ አነጋገር ገበያው በሚሊዮን የገዛው ከጀግናው ይልቅ ጨለማና ቅዝቃዜን ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በአገራችን መሳቢያ ያለችውን መጽሔት የደረጃ መመሪያውን ይዘን እኛው መዘንናት፤ 3.0 ሰጠናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ሳናይ፣ ደግመን ስንመዝናት 2.0 ሆነች። ባለሙያዎች ከእኛ እጅግ የተሻሉ መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ከአንድ በላይ መርማሪም ያያታል። ነገር ግን ማንኛውም ልኬት ከነስሕተቱ ወሰን መጻፍ እንዳለበት ለተማሪዎቻችን በየዓመቱ የምናስተምር ሰዎች፣ በማሸጊያው ላይ 8.5 ተብሎ ብቻ የተጻፈን ቁጥር ስናይ «ሲደመር ሲቀነስ ስንት?» ማለታችን አይቀርም። የስሕተቱ ወሰን አንድ እርከን እንኳ ቢሆን፣ ያ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር በወሰኑ ውስጥ ጠፍቷል። ሌላም ነገር አለ። ቁጥሩ መጽሔቱ በታሸገባት ቀን የነበረውን ሁኔታ ይናገራል፤ ወረቀቱ ግን ፕላስቲኩ ውስጥም ሆኖ ያረጃል። የማሸጊያው ጽሑፍ ብቻ ነው የማያረጀው።

የእኛዋ ግን ለማሸጊያም አልበቃች። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ለብዙ ዓመታት በመስኮት አጠገብ ባለ መደርደሪያ ላይ ተኝታ ነበር። ከተማችን በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቅዝቃዜዋ ለወረቀት መልካም ቢሆንም አልትራቫዮሌቷ ከቆላው የበረታ ነው። የመስኮት መስታወት አብዛኛውን የአጭር ሞገድ ጨረር ቢያግድም፣ በ350 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን በከፊል ያሳልፋል፤ የዚህ ጨረር አንድ ፎቶን 3.5 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይሸከማል፤ ይህም የሁለት ካርቦኖችን ትስስር ለመበጠስ ከሚያስፈልገው ጋር ተቀራራቢ ነው። መጽሔቷን ባነሣናት ጊዜ ግማሽ ሽፋኗ ደብዝዞ፣ ግማሹ እንደነበረ አገኘነው። በመካከሉ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ የቴርሞዳይናሚክስ ማስታወሻ ደብተራችን ከላይዋ ተቀምጦ የነበረበት ጠርዝ ነው። ማነጻጸሪያ ያለው ሙከራ ሳናውቀው ሠርተናል።

አሁን ከአሲድ ነጻ የሆነና ካልሲየም ካርቦኔት ያለበት ካርቶን ከኋላዋ አድርገን በፖሊስተር ከረጢት ውስጥ፣ በብረት መሳቢያ አስቀምጠናታል። ባለፈው ሐምሌ አጠገቧ ያኖርነው የእርጥበት መለኪያ 71 በመቶ አሳየን፤ ለወረቀት ከ50 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ሲሊካ ጄል ጨምረናል። መለኪያው ሲደመር ሲቀነስ 3 በመቶ ይሳሳታል፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል።