ካውያ በካምፓላ

አዲስ አበባ ልብስ የሚተኮሰው ለማማር ነው፤ ካልሲና የውስጥ ሱሪ ተኩሶ የሚለብስ ብዙም የለም። ካምፓላ ግን ካልሲም ፎጣም የሕፃን ሽንት ጨርቅም ይተኮሳል።

ምክንያቱ የማንጎ ዝንብ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ሽንት ወይም ዓይነ ምድር በነካው አሸዋ ላይ፣ አለዚያም ጥላ ውስጥ በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ ነው። እንቁላሉ በአንድ እስከ ሦስት ቀን ተፈልፍሎ እጭ ይወጣዋል። ልብሱ ሲለበስ እጩ ሳይታወቅ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ቦታው እንደ ብጉንጅ ያብጥና አናቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይታያል። ባይጨመቅ ይሻላል፤ እጩ ውስጥ ከፈነዳ ያመረቅዛል። ቫዝሊን ሲቀባበት አየር አጥቶ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ክሊኒክ ሄዶ ማስወጣት ነው።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንደገናም ከመስከረም እስከ ኅዳር ዝናቡ ሲበረታ ልብስ በረንዳ ላይ ይሰጣል። ለዝንቧ የሚመቸው ይህ ነው። በካምፓላ ሰፈሮች፣ በካባላጋላና በካንሳንጋ፣ ለምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ፀሐይ ካለ ፀሐይ ላይ፣ ከሌለ ወንፊት ያለው መስኮት ዘግቶ ቤት ውስጥ ማስጣት ይሻላል። እንቁላሉን የሚገድለው የካውያው ሙቀት ስለሆነ ሲተኮስም በሁለቱም ገጽ ነው፤ ስፌቱ፣ ኪሱና የወገቡ ላስቲክ አይዘለሉም።

ችግሩ ሁሉም ጨርቅ ሙቀት የሚችል አለመሆኑ ነው። በልብሱ ምልክት ላይ በተሳለው ካውያ ውስጥ ያሉት ነጥቦች ይህንን ይናገራሉ፤ አንድ ነጥብ እስከ 110 ዲግሪ፣ ሁለት 150፣ ሦስት 200 ነው። ጥጥ ሦስቱን ይችላል። የሐበሻ ቀሚስ ግን ያታልላል፤ ሸማው ጥጥ ሆኖ የጥለቱ ክር ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል። ገልብጦ፣ ጥለቱ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ ለብ ባለ ካውያ መተኮስ ነው። የሚያብረቀርቀው የኡጋንዳ ሴቶች ቀሚስ፣ ጎሜሲም እንደዚሁ ነው። ሱፍ እርጥብ ጨርቅ ተደርቦበት በእንፋሎት ይቃናል። የከሰል ካውያ መብራት ሲጠፋ ባለውለታ ነው፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠርለት ስለሌለ ግን አስቀድሞ አሮጌ ጨርቅ ላይ ይሞከር፣ አመዱም ይራገፍ።

በእጅ የሚያዘው የእንፋሎት መተኮሻ ጭምዳዱን ያቃናል፤ ስፌት ውስጥ ለተሸሸገ እንቁላል ግን እኔ አላምነውም። ካውያ የማይችለውን ናይለን ቤት ውስጥ ማድረቅ ነው። ውጭ ተሰጥቶ ከነበረ፣ እጩ ያለ ገላ ሁለት ሳምንት ያህል ሊቆይ ስለሚችል፣ ከዚያ በፊት አይለበስ።

የሕፃን ልብስ ደግሞ የደረቀ ቢመስልም ሳይተኮስ አታልብሱ።