«የፊት ፍሬን ይገለብጣል» ይሉናል

ሞተር ሳይክል መንዳት የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚሰማው ምክር ይህ ነው፦ «የፊት ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል!» እኔም ከጓደኛዬ የተማርኩት እንዲሁ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በእግር ፍሬን ብቻ ስቆም ኖርኩ። አንድ ቀን ካፊያ አስፋልቱን እንዳራሰው፣ ከፊቴ የነበረ ሚኒባስ ሰው ለማውረድ ድንገት ቆመ። የኋላውን ፍሬን በቀኝ እግሬ ረገጥኩት። የኋላ ጎማዬ መዞሩን አቁሞ ተንሸራተተ፣ ሞተሩ በጎኑ ዞረ፣ ጉልበቴ አስፋልት ላይ ተላጠ።

እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊት ጎማ መሬቱን ይነክሳል፣ የኋላው ይቀልላል። የኋላ ፍሬን ብቻውን ሲረገጥ ቶሎ የሚያንሸራትተው ለዚህ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆም ኃይሉ 70 በመቶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚመጣው ከፊት ነው። ሰው የሚወድቀው የፊቱን ፍሬን በመያዙ ሳይሆን ደንግጦ በአንዴ ስለሚጨብጠው ነው። ጣት መጀመሪያ የፍሬኑን ልል ይሰበስባል፤ ክብደቱ ፊት ጎማ ላይ ሲያርፍ እንደ ሎሚ እየጨመረ ይጨምቃል። ኮረኮንችና ጭቃ ላይ ደግሞ ይበልጥ መለሳለስ አለበት። ይህ በወሬ አይገባም። ባዶ ሜዳ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ አጠገብ ቆሞ የሚያርም አሠልጣኝ፣ ከዚያ ሠላሳ አርባ ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል።

«ሥልጠና ምን ያደርጋል? መንገዱ ራሱ ያስተምራል» የሚሉም አሉ። በአሜሪካ ሃሪ ኸርት የመራውና በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ መርምሯል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። በጭንቅ ሰዓት ያደረጉትም እኔ ያደረግኩትን ነው፦ የኋላውን አብዝቶ መርገጥ፣ የፊቱን መተው። ለዓመታት የተደጋገመ ስህተትም ልምድ ይባላል፤ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

«ቅርብ ነው» ተብሎ ክንድ ላይ ስለሚንጠለጠለው ሄልሜት ብዙ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ የተደረገ ሄልሜት የአንጎል ጉዳትን እስከ 74 በመቶ ይቀንሳል። በአግባቡ ማለት አገጭ ሥር ተቆልፎ ነው፤ ያልተቆለፈው ከጭንቅላት ቀድሞ ይበራል።

«ወደምትታጠፍበት መሪውን አዙር» የሚለውስ? እግረኛ በሚራመድበት ፍጥነት ልክ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግን ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራው እጀታ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሞተሩም ወደ ግራ ያጋድላል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወረድኩ። ከኩርባው በፊት ፍጥነት ቀነስኩ፣ ዓይኔን መውጫው ላይ ጣልኩ፣ እጀታውን በመዳፌ ገፋ አደረግኩት። ሞተሩ ጋደም አለ። የበረሃው ሙቀት ደረቴን መታኝ፣ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተንሳፈፈ፣ እጄ ግን አልተንቀጠቀጠም።