ዴይቶናን ከወኪል ሱቅ መግዛት

ሰዓቱ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ነጭ ገጽ፣ ጥቁር የሴራሚክ ክፈፍ፣ ገጹ ላይ ሦስት ትንንሽ ክቦች። አጠገቡ ያለችው ካርድ ግን ለዕይታ ብቻ የቀረበ መሆኑን ትናገራለች። ገንዘቡን አዘጋጅቶ የገባ ሰው ሻጩን ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ትሕትና ያልተለየው ነው፦ «ለጊዜው የለንም፤ ስምዎን ልመዝግብልዎት።» ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ቅር ብሎት ይወጣል። አንዱ «አለባበሴን አይተው ነው» ይላል፣ ሌላው «ደብቀውታል» ይላል። ስሙን ያስመዘገበውም ቢሆን ተራው እስኪደርስ ወር መቁጠር ይጀምራል።

የሮሌክስ ዴይቶናን ከወኪል ሱቅ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር ምዝገባው ሰልፍ አለመሆኑን ነው። ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ አይወስድም። የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ቢያንስ ቁጥር አለው፣ ዕጣ አለው፣ የባለዕድለኞች ስም ጋዜጣ ላይ ይወጣል። እዚህ ቁጥርም ዕጣም የለም። ሻጩ ከመዝገቡ ውስጥ መርጦ ነው የሚሰጠው።

ምክንያቱ ከዋጋው ይጀምራል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2022 መጀመሪያ የብረቱ ዴይቶና አሜሪካ ውስጥ ባሉ ወኪል ሱቆች 14,550 ዶላር ነበር። ያው ሰዓት በዚያው ሰሞን ከወኪል ውጭ ባሉ ነጋዴዎች ዘንድ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ያ ትኩሳት ከዚያው ዓመት ጸደይ ጀምሮ በርዷል፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። በ2023 የወጣው ተተኪ ሞዴል በ15,100 ዶላር ሲጀምር ውጭ ያለው ገበያ ወዲያው እጅግ ከፍ ባለ ዋጋ ተቀበለው።

እንግዲህ ወኪሉ አንዱን ሰዓት በመደበኛው ዋጋ ለአንድ ሰው ሲሰጥ፣ ያንን የዋጋ ልዩነትም አብሮ ማስረከቡ ነው። ተቀባዩ ሰዓቱን ሊያስረው ይችላል፤ ማሸጊያውን ሳይፈታ መንገድ ተሻግሮ አየር በአየር ሊሸጠውም ይችላል። በሱቁ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ፣ የሻጩ ጥያቄ፣ ዝምታው፣ ድንገት የሚደወለው ስልክ፣ ከዚህ ስጋት የሚመነጭ ነው።

ዛሬ እንዲህ የሚሻሙበት ሰዓት ሲጀመር ፈላጊ ያጣ ነበር። ሮሌክስ ዴይቶናን ያወጣው በ1963 ሲሆን ስሙን ያገኘው ፍሎሪዳ ውስጥ ካለው የዴይቶና የመኪና ውድድር ሜዳ ነው። የያኔው ሰዓት በየጊዜው በጣት የሚሞላ ነበርና፣ በራሱ የሚሞላ ሰዓት የለመደው የሮሌክስ ደንበኛ አልወደደውም፤ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይከርም ነበር። ከእነዚያ ሰዓቶች አንዱን ተዋናይዋ ጆአን ውድዋርድ ለባሏ ለፖል ኒውማን ገዛችለት። ኒውማን የመኪና ውድድር ፍቅር የያዘው ሰው ስለነበር በጥንቃቄ እንዲነዳ የሚያሳስብ መልእክት ጀርባው ላይ አስቀርጻበታለች። ያ ሰዓት በኦክቶበር 2017 ፊሊፕስ የተባለው አጫራች ድርጅት ኒውዮርክ ላይ ባካሄደው ጨረታ 17.75 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሽሚያው ግን ከዚያ በፊት ተጀምሯል። በ1988 ሮሌክስ ዜኒት ከተባለው የስዊስ ፋብሪካ ያገኘውን በራሱ የሚሞላ ማሽን አሻሽሎ ዴይቶና ውስጥ ሲያስገባ ፈላጊው በዛ፣ ማሽኑ ግን እንደልብ አልነበረም። በ2000 ሮሌክስ የራሱን ማሽን ሠርቶ ቢተካም ፈላጊው አልቀነሰም።

ሰዓቱን በቅርብ ያየ ሰው ከወሬው ባሻገር የሚወደድበትን ምክንያት ያገኛል። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከመሙያው በላይና በታች ያሉት ሁለት ቁልፎች በጥርስ የሚጠብቁ ናቸው፤ ካልተፈቱ አይጫኑም፣ ከጠበቁ ውሃ አያስገቡም። የላይኛው ሲጫን የመሃሉ ረጅም ሰከንድ ቆጣሪ ሳይዘል፣ ሳይንቀጠቀጥ ይነሳል። በክፈፉ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች ፍጥነት መለኪያ ናቸው። መኪና ውስጥ ያለ ሰው አንዱ የኪሎ ሜትር ምልክት ላይ ሲደርስ ቁልፉን ይጫናል፣ ቀጣዩ ምልክት ላይ ሲደርስ ደግሞ ያቆመዋል። በመካከል 30 ሰከንድ ካለፈ ቆጣሪው 120 የሚለው ቁጥር ላይ ይቆማል፤ መኪናው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር ማለት ነው። ሒሳቡን ክፈፉ ሠርቶ ጨርሶታል። ባትሪ የለውም፤ በክንድ እንቅስቃሴ ይሞላል፣ ቢያወልቁትም 72 ሰዓት ያህል ሳይቆም ይሠራል። ፋብሪካው በቀን ከ2 ሰከንድ በላይ እንደማይቀድምና እንደማይዘገይ ያረጋግጣል። በጥርስና በሞላ ብቻ ለሚሠራ ማሽን ይህ የሚደነቅ ነው።

ታዲያ ለምን አብዝተው አይሠሩም? ሮሌክስ ቁጥሩን አይገልጽም፤ ዘርፉን የሚያጠኑ ተንታኞች ግምት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰዓት በላይ ያደርሰዋል። ያ ሁሉ ግን በብዙ ሞዴሎች የሚከፋፈል ነው፤ ዴይቶና ደግሞ ከማሽኖቹ ሁሉ ውስብስብ ከሚባሉት አንዱን የያዘ ነው። ሮሌክስ ጄኔቫና ቢየን ካሉት ፋብሪካዎቹ በተጨማሪ ቡል በምትባለው የስዊስ ከተማ አዲስ ፋብሪካ እየገነባ ነው፤ ሥራ ይጀምራል የተባለው በ2029 ነው። ሌላም ነገር አለ። መሥራቹ ሃንስ ዊልስዶርፍ ድርጅቱን በ1905 ለንደን ላይ ከባልደረባው ጋር ጀምሮ በኋላ ወደ ጄኔቫ ያዛወረ ሰው ነው። ባለቤቱ ከሞተች በኋላ በ1945 በስሙ አንድ ፋውንዴሽን አቋቋመ፤ ዛሬ የሮሌክስ ባለቤት ያ ፋውንዴሽን ነው። በየሩብ ዓመቱ ትርፍ አምጡ የሚሉ ባለአክሲዮኖች የሉበትም። ስለዚህ ፈላጊ በዛ ተብሎ የሚጣደፍ ድርጅት አይደለም፤ ዋጋውንም ከፍ የሚያደርገው ጥቂት በጥቂት ነው። እኔ ይህን ጥንካሬ አድርጌ ነው የምቆጥረው። ዋጋውን ገበያው እስከሚችለው ቢሰቅሉት ወረፋው በአንድ ቀን ይጠፋ ነበር፤ አብሮት ግን ደመወዙን አጠራቅሞ ለልጁ ምረቃ የሚገዛው ሰውም ከሱቁ ይወጣ ነበር።

ወኪሉ ብዙ ጊዜ የሮሌክስ ሱቅ አይደለም። ውሉን ይዞ የሚሸጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የጌጣጌጥና የሰዓት ቤት ነው። ዱባይ ያለው አህመድ ሰዲቂ ከ1950 ጀምሮ የዘለቀ የቤተሰብ ንግድ ነው። የሉሰርኑ ቡኸረር ሮሌክስን መሸጥ የጀመረው በ1924 ሲሆን፣ በ2023 ራሱ ሮሌክስ ጠቅልሎ ገዛው። የወኪሉ ትልቁ ንብረት ውሉ ነው። የትኛው ሞዴል ስንት እንደሚላክለት የሚወስነው ፋብሪካው ነው፤ ሳጥኑ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ ሻጩ አስቀድሞ ላያውቅ ይችላል። እያንዳንዱ ሰዓት ደግሞ በገጹ ዙሪያ ባለው የውስጥ ቀለበት ላይ የተቀረጸ መለያ ቁጥር አለው። ዛሬ የተሸጠው ነገ ከነጋዴ እጅ ከተገኘ ከየትኛው ሱቅ እንደወጣ ይታወቃል። ይህ የሚደጋገምበት ወኪል ውሉ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ሻጩ የሚፈልገው ሰዓቱን የሚያስር ሰው ነው። ለገዢ የሚጠቅመውም ይህንን በሐቅ ማሳየት ነው። በሚኖርበት ከተማ አንድ ሱቅ መርጦ ከአንድ ሻጭ ጋር መተዋወቅ፣ አምስት ሞዴል ከመዘርዘር አንዱን ከነገጹ ቀለም መጥራት፣ ለምን እንደሚፈልገው መናገር። የጋብቻ በዓል፣ የዶክትሬት ምረቃ፣ የልጅ መወለድ ለሻጩ ትርጉም አላቸው፤ እሱም የሚያስታውሰው ቁጥሩን ሳይሆን ታሪኩን ነው። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ወሩ ብቅ ብሎ ሰላም ማለት ይበቃል። በየሳምንቱ የሚደውል ሰው ለማትረፍ የቸኮለ ይመስላል። በኢንተርኔት አዝዞ መገላገል የለም። የፈረንሳይ የውድድር ባለሥልጣን በዲሴምበር 2023 ሮሌክስ ፈረንሳይን 91.6 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው ወኪሎቹ በኢንተርኔት እንዳይሸጡ በመከልከሉ ነበር።

አንዳንድ ሻጭ ደግሞ ደንበኛው የጆሮ ጌጥ፣ ቀለበት፣ ሌላ ሰዓት ቢገዛ ዴይቶናው እንደሚቀርብ በዘወርዋራ ይጠቁማል። የጆሮ ጌጡን በእርግጥ የሚፈልገው ሰው ይግዛ። ለዴይቶና ሲባል ብቻ የማይፈልገውን የሚገዛ ግን ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ይሥራ፤ አላስፈላጊው ዕቃ ሲደመር ሰዓቱ ከውጭው ገበያ ዋጋ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። በጽሑፍ የተሰጠ ቃል ስለሌለም ገዝቶም ላያገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ፍንጭ ሲመጣ አመስግኖ ወደ ሌላ ወኪል መሄድ ይሻላል ባይ ነኝ። በአንድ ከተማ አንድ ሱቅ ብቻ ካለ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከጅምሩ በግድ የተገዛ ነገር ደስታው አይዘልቅም።

ስልኩ ሲደወል ብዙ ጊዜ አይሰጥም። በዛሬና በነገ መካከል መጥቶ መክፈል ይጠበቃል፤ ለምርጫ የሚቀርብ ሌላ ቀለም የለም። ሻጩ ሰዓቱን ከትሪው አንስቶ በገዢው እጅ ላይ ያስረዋል፣ ሰፊ ከሆነ ከማሰሪያው አንድ ወይም ሁለት ዓይን ያወጣለታል፣ ማቀፊያው እንዳይጫጫር የተለጠፈውን ቀጭን ፕላስቲክ ይልጠዋል። ፕላስቲኩን መላጡ ለምቾት ብቻ አይደለም፤ የተላጠና በልክ የተስተካከለ ሰዓት ለአየር በአየር ነጋዴ ዋጋው ይቀንሳል። ገዢው ቅር ሳይለው መቀበል አለበት። የወጡት ዓይኖች ሳጥኑ ውስጥ መግባታቸውን ግን ይይ፤ በኋላ ቢፈለጉ ብቻቸውን ውድ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው የዋስትና ካርዱ ነው። የሰዓቱ መለያ ቁጥርና የተገዛበት ቀን ይሰፍርበታል፤ ዋስትናው አምስት ዓመት ነው። እዚያው ቆሞ በካርዱ ላይ ያለውንና በሰዓቱ ላይ ያለውን ቁጥር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሰዓት ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚመሰክር ወረቀት ምን ያህል እንደሚመዝን ከእኛው ታሪክ አንድ ምስክር አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ እንደተበረከተላቸው የሚነገረው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በ2015 ጄኔቫ ላይ ክሪስቲስ በተባለው አጫራች ድርጅት ለጨረታ ሊቀርብ ከተዘጋጀ በኋላ፣ በባለቤትነቱ ላይ ጥያቄ ስለተነሳ ከሽያጭ ወጣ። የተሸጠው በ2017 ነው፤ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ አወጣ። ሰዓቱ ያው ነበር፤ ያዘገየው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

መጠበቅ ለማይችል ሰው ከወኪል ውጭ ያለው ገበያ ክፍት ነው፤ ሕገወጥም አይደለም። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ ዋስትናው በከፊል አልፎ ሊሆን ይችላል፣ አስመስሎ የተሠራውን ከእውነተኛው መለየት ደግሞ ለባለሙያም እያደር ከባድ እየሆነ ነው። ማሽኑን ከፍቶ የሚያይ ሰዓት ሠሪ ሳይዙ ከማያውቁት ሰው መግዛት አልመክርም። በ2022 መጨረሻ የተጀመረ መካከለኛ መንገድም አለ፦ ሮሌክስ ራሱ መርምሮ ያረጋገጣቸው ያገለገሉ ሰዓቶች በተመረጡ ወኪሎች በኩል ከሁለት ዓመት ዋስትና ጋር ይሸጣሉ። ዋጋቸው እንደ ገበያው ነው፤ ፍርሃቱ ግን የለም።

የሚፈልገው ስሙን ሳይሆን ያለ ባትሪ የሚሠራ፣ ጊዜ የሚለካ ጥሩ ማሽን የሆነ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ መንገድ አለው። ዊልስዶርፍ ራሱ በ1926 ያስመዘገበው ቱዶር ዛሬም በሮሌክስ ቤተሰብ ሥር ያለ ነው፤ ባለ ሁለት ቁልፍ ክሮኖግራፉ (ጊዜ የሚለካው ሰዓቱ) በራሱ የሚሞላ ሲሆን ዋጋው ከዴይቶና ግማሽ አይደርስም። የኦሜጋ ስፒድማስተር ከዴይቶና በስድስት ዓመት ይቀድማል፤ በ1969 በጠፈርተኛው በበዝ አልድሪን እጅ ጨረቃ ላይ የወረደው እሱ ነው። በጣት የሚሞላውን ስፒድማስተር አብዛኛው ወኪል ሱቅ ስለሚያስቀምጥ፣ ጠዋት የገባ ሰው ከሰዓት በፊት አስሮት መውጣት ይችላል።