ጆንያውም ይመርመር፤ ሶፍትዌር የሚገዛ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በተላከላት ቡና ውስጥ ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ማግኘቷን ስታስታውቅ ላኪው ሁሉ ደነገጠ። የአገራችን ገበሬ በአብዛኛው ቡናውን ፀረ ተባይ አይረጭም። ምርመራው ሲቀጥል ጥርጣሬው ያረፈው በፍሬው ላይ ሳይሆን ፍሬው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር። ቡናው ተለቅሞ፣ ተመዝኖና ተቀምሶ ሳለ ገበያውን ያበላሸው ማንም እንደ ሸቀጥ ያልቆጠረው መያዣው ሆነ።

ዛሬ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ያለው ነጋዴ በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን እየገዛ ነው። የመጋዘን ገቢና ወጪ፣ የዱቤ መዝገብ፣ የሞባይል ክፍያ ማገናኛ ሁሉ በፕሮግራም ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀውና የተፈጻሚነቱ ጊዜ በተደጋጋሚ የተራዘመው የደን ሕግም ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ እንዲመዘገብ ስለሚጠይቅ፣ ይህም መዝገብ በሶፍትዌር መያዙ አይቀርም። ጥያቄው ታዲያ የዚህ ሸቀጥ ጆንያ ምንድን ነው የሚለው ነው።

ከውጭ የሚገባው ቁራጭ

አንድ የሂሳብ ፕሮግራም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ባለሙያ እጅ አይጻፍም። ቀን የሚቆጥረውን፣ ደረሰኝ የሚያትመውን፣ ከባንክ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል ሌሎች ቀደም ብለው ጽፈው በነፃ አስቀምጠውታል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ቁራጭ ሞጁል ይባላል። ባለሙያው በፕሮግራሙ አናት ላይ “ይህንን አስገባ” የሚል አንድ መስመር ሲጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ ሞጁሉን እንደ ኤንፒኤም ወይም ፓይፒአይ ካለ ዓለም አቀፍ ማከማቻ በኢንተርኔት ያመጣለታል። የመጣው ሞጁል በበኩሉ ሌሎች አሥር ሊጠራ ይችላል፤ አሥሩም የየራሳቸውን ይጠራሉ። ስለዚህ ነጋዴው “የእገሌ ፕሮግራም” ብሎ ከገዛው ውስጥ እገሌ ራሱ የጻፈው ጥቂቱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህ አሠራር በራሱ ጉዳት የለውም፤ ሶፍትዌር የረከሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ችግሩ የሚመጣው የሚገባውን የሚመዘግብና የሚፈትሽ ሲጠፋ ነው።

ሸቀጡ የሚበላሽባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 አንድ ጸሐፊ 11 መስመር ብቻ የነበረችውን ሌፍት ፓድ የተባለች ሞጁሉን ከኤንፒኤም በማንሳቱ፣ እርሷን የሚጠሩ በርካታ ፕሮጀክቶች መገንባት አቅቷቸው ቆመዋል።

ሁለተኛው ሳይታወቅ የቆየ ቀዳዳ ነው። በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በተባለው የመዝገብ መያዣ ሞጁል ውስጥ የተገኘው ጉድለት በአደገኝነት መለኪያ ከ10 አሥር ተሰጥቶታል። ብዙ ድርጅቶች ቀዳዳውን ከመድፈናቸው በፊት ሞጁሉ በየትኛው ፕሮግራማቸው ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ብቻ ቀናትና ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል፤ ዝርዝር አልነበራቸውምና።

ሦስተኛው ሆን ተብሎ የሚደረግ ማጭበርበር ነው። አጭበርባሪው ከታዋቂው ሞጁል በአንድ ፊደል የሚለይ ስም ያወጣና ባለሙያው በስህተት እስኪጽፈው ይጠብቃል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች የሌለ ሞጁል ስም ፈጥረው መጠቆማቸው ሌላ በር ከፍቷል፤ ስሙን ቀድሞ ያስመዘገበ ሰው የፈለገውን ሊያስገባበት ይችላል። በማርች 2024 የተደረሰበት የኤክስዜድ ጉዳይ ከሁሉም የረቀቀ ነበር። አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በቅንነት ሲያግዝ ቆይቶ አመኔታ ካገኘ በኋላ በሞጁሉ ውስጥ ድብቅ በር ሠራ። ያጋለጠው አንድ መሐንዲስ ነው፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ለመግባት የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አይቶ “ለምን?” ብሎ በመጠየቁ ነበር።

በዚያው ወር፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ በወቅቱ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያላግባብ እንደተወሰደበት አስታውቋል። ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደነበረ ተገልጿል። ይህ የሞጁል ማጭበርበር አይደለም። ሆኖም በሚሠራ ሲስተም ላይ የሚደረግ ለውጥ ስንት ሊያስከፍል እንደሚችል አሳይቷል። አዲስ የሞጁል እትም ማስገባትም እንዲሁ ለውጥ ነው።

ፍተሻው እንዴት ይካሄዳል?

ሥራው ለቡና ነጋዴ እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ሞጁል ሁሉ በስምና በእትም ቁጥር ይመዘገባል። ይህ የጭነት ዝርዝር ማለት ነው።

ቀጥሎ እትሙ ይቆለፋል። ፕሮግራሙ በተጫነ ቁጥር የዕለቱን አዲስ እትም ከማምጣት ይልቅ የተፈተሸውን ብቻ ይወስዳል። እያንዳንዱ ሞጁል ከይዘቱ በስሌት የሚወጣ አሻራ አለው፤ ከውስጡ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። ኮምፒዩተሩ የመጣውን አሻራ ከተመዘገበው ጋር አመሳክሮ ካልተስማሙ ይመልሰዋል። ይህም በከባድ መኪና በር ላይ እንዳለ የእርሳስ ማኅተም ነው። ማኅተሙ ግን በመንገድ ላይ እንዳልተነካ እንጂ ሲጫን ንጹሕ እንደነበረ አያረጋግጥም። ስለዚህ ዝርዝሩ በየጊዜው ከታወቁ ጉድለቶች መዝገብ ጋር ሊመሳከር ይገባል።

ሦስተኛው ኬላ ነው። ፕሮግራሙ ከመሥራቱ በፊት “አስገባ” የሚሉት መስመሮች በመሣሪያ ይነበባሉ፤ ከተፈቀደው ዝርዝር ውጪ የሆነ ካለ ሥራው ይቆማል። አንዳንድ ሞጁል ግን ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ስለሚጠራ፣ በሥራ ላይ እያለ ምን እንደጠራ የሚመዘግብ ተቆጣጣሪም ያስፈልጋል። ደረሰኝ ለማተም የገባ ሞጁል ከማይታወቅ ኮምፒዩተር ጋር መገናኘት ከጀመረ ቆም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለወለጋ ለምን ይበልጣል?

በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ፣ የወለጋ ዞኖችን ጨምሮ፣ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር። በተጫነ ወይም በተጠገነ ቁጥር ሞጁሎቹን ከባሕር ማዶ የሚጠራ ፕሮግራም እንዲህ ባለ ጊዜ ተበላሽቶ ቢቆም የሚነሳበት መንገድ የለውም። የተፈተሹት ሞጁሎች ቅጂ በከተማው ውስጥ ከተቀመጠ ግን መስመር ሳይጠበቅ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን ይቻላል። የክረምቱን መንገድ የሚያውቅ ነጋዴ መጋዘኑን አስቀድሞ የሚሞላው በዚሁ ሂሳብ ነው።

የሕግም ጉዳይ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ድርጅት በጥንቃቄ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። የገበሬውን ስም፣ ስልክና የማሳ ቦታ የያዘው ማኅበር ወይም አቅራቢ መረጃው ሾልኮ ቢወጣ “ሶፍትዌሩን የሸጠልኝ ሌላ ነው” ማለቱ ከደንበኞቹ ፊት አያድነውም።

በውሉ ውስጥ ምን ይግባ?

ገዥው ፕሮግራም መጻፍ ማወቅ አይጠበቅበትም። ከመፈረሙ በፊት ግን አምስት ነገሮችን ሊጠይቅ ይችላል። የሞጁሎቹ ሙሉ ዝርዝር ይሰጠኛል ወይ? እትሞቹ ተቆልፈዋል ወይ? አዲስ ጉድለት ሲሰማ ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ ያስተካክላል? ማሻሻያው በእውነተኛው ሂሳብ ላይ ከመዋሉ በፊት በሙከራ መዝገብ ላይ ይፈተሻል ወይ? የሞጁሎቹ ቅጂ የት ይቀመጣል? መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ሊሰፍር ይገባል።

ይህን የሚያሟላ ሻጭ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል፤ ፍተሻ የሰው ጉልበትና ጊዜ ይወስዳልና። ዝርዝሩን መስጠት የማይችል ሻጭ ግን ምን እንደሸጠ ራሱም አያውቅም። የጊምቢ አቅራቢ ናሙና ሳያይ ጀንፈል አይገዛም። ሙሉ የዱቤ መዝገቡን የሚያስረክበውን ፕሮግራም ሲገዛም ቢያንስ ያንኑ ያህል ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባዋል።